ቅሉ፣ ሸክላውና አስታው፤ የፒፓ ታሪክ ከታቦር ሲቃኝ

ሐዋሳ ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን የሚያማትር ሰው የትምባሆ ታሪካችንን አብዛኛውን መልክ በአራቱም ማዕዘን ያገኘዋል። ከሐይቁ ማዶ በስተምዕራብ ያለው ቆላ ወደ ብላቴ ይወስዳል፤ ለሲጋራ ፋብሪካ የሚሆነው የቨርጂኒያ ትምባሆ በመስኖ የለማው በዚያ ነው። በስተምሥራቅና በስተደቡብ የሲዳማ ደጋ ሽቅብ ይነሳል። እዚያ ትምባሆ የጓሮ ተክል ነው፤ ከእንሰቱ ጥግ፣ ፍግ በጠገበው መሬት ላይ፣ ለቤቱ ሽማግሌ ጋያ፣ ከቅል ለሚሠራው የውሃ ፒፓ፣ የሚበቃ ጥቂት እግር ይተከላል። ያንን ደጋ ተሻግሮ፣ ዓይን ከማይደርስበት ወዲያ፣ ባሌ አለ፤ የዓለም ፒፓ ሠሪዎች ከሁሉ አስበልጠው የሚፈልጉት እንጨት፣ እኛ አስታ የምንለው፣ ጫካ ሆኖ የሚገኝበት አገር። ከተራራው ሥር ደግሞ ታቦር ክፍለ ከተማና መላው ሐዋሳ ተዘርግቷል፤ ሲጋራ በሱቅ በደረቴ ሣጥን የሚዞርበት፣ ጋያ ግን ከዓይን እየራቀ የሄደበት ከተማ።

ፒፓ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የፈረንጅ ዕቃ ነው። ኮት የደረበ ፕሮፌሰር፣ የመርከብ ካፒቴን፣ የፊልም መርማሪ ፖሊስ። እኔ ፒፓ እወዳለሁ፤ ስለምወደውም የመጣበትን መንገድ ለረጅም ጊዜ ስከታተል ኖሬአለሁ። በተከታተልኩት መጠን የገባኝ ነገር ቢኖር ይህ ዕቃ እንግዳችን አለመሆኑ ነው። ፒፓ በኢትዮጵያ ትምባሆን ራሱን ይቀድመዋል። ዓለም የሚያደንቃቸው የፒፓ ጥሬ ዕቃዎችም በጓሯችንና በተራራችን የሚበቅሉ ናቸው። ታሪኩ ግን የተጻፈው በአብዛኛው ከከለከሉት ነገሥታት አንፃር ነው፤ ሸክላውን ያበጀችው ሴትና ቅሉን የወለወለው ሽማግሌ በመጻሕፍቱ ውስጥ ቦታ አላገኙም።

የሚጀመረው ከጣና ነው። በሐይቁ አቅራቢያ፣ በድሮው በጌምድር፣ የላሊበላ ዋሻ የሚባል ሥፍራ አለ፤ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ከተማ ጋር በስም ብቻ ይገናኛል። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ጆአን ዶምብሮውስኪ በዚያ ባካሄደችው ቁፋሮ ሁለት የሸክላ የፒፓ ራሶች ተገኙ። ኒኮላስ ቫን ደር ሜርዌ የተባለ ተመራማሪ በሸክላዎቹ ውስጥ የተጋገረውን ጥላሸት በኬሚካል መረመረና እ.ኤ.አ. በ1975 ውጤቱን አሳተመ። በራሶቹ ውስጥ የነደደው ካናቢስ ነበር። ዕድሜያቸውም እ.ኤ.አ. 1320 ገደማ፣ ሰማንያ ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል የሚችል፣ ተብሎ ተወሰነ።

ይህን ቁጥር ልብ ይሏል። ትምባሆ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕሩን እስኪሻገር ድረስ ከዚያ ውጭ ያለ ሕዝብ አያውቀውም ነበር። የጣናው ሰው ግን ከዚያ መቶ ሰባ ዓመት ያህል ቀድሞ ሸክላ ጠፍጥፎ፣ በእሳት ተኩሶ፣ ቅጠል ሞልቶ ጭስ ይስብ ነበር። ጆን ኤድዋርድ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1983 በአፍሪካ የማጨስ ታሪክ ላይ ባሳተመው ጥናት፣ ጭስን በውሃ አሳልፎ መሳብ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ከትምባሆ በፊት የነበረ ልማድ መሆኑን ሲከራከር ዋና ማስረጃው እነዚሁ ሁለት ሸክላዎች ናቸው። ከመዳፍ የማይበልጡ ሁለት ራሶች የአንድ አህጉርን ታሪክ ሲሸከሙ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ትምባሆ ሲመጣ ማረፊያ ዕቃው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ጠበቀው ማለት ነው።

ቅጠሉ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው መባቻ የኦቶማንን ግዛት አዳረሰ። ኦቶማኖች ምፅዋን የያዙት እ.ኤ.አ. በ1557 ስለነበር ቀይ ባሕር የተከፈተ በር ሆነለት። እግር በእግሩም ክልከላ ተከተለው። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1604 ትምባሆን የሚያወግዝ ጽሑፍ በራሱ ብዕር አወጣ። ሱልጣን ሙራድ አራተኛ በ1633 ኢስታንቡል ውስጥ የሚያጨስን በሞት ቀጣ። በሩሲያም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ አፍንጫ እስከ መቁረጥ የሚደርስ ቅጣት ወጣ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ (እ.ኤ.አ. 1872–1889) ሱረት የሚስበውን አፍንጫ፣ የሚያጨሰውን ከንፈር ያስቆርጡ እንደነበር የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። ይህ ዜና በየመጽሐፉ ሲጠቀስ የአንድ ጨካኝ ንጉሥ ልዩ ጠባይ ተደርጎ ይቀርባል፤ ከለንደን፣ ከኢስታንቡልና ከሞስኮ ጎን ስናስቀምጠው ግን ዘግይቶ የደረሰ የዘመን ጠባይ ነው። በእርግጥ ለእኛ ሌላም ምክንያት ነበረው። በኦርቶዶክሳዊው ደገኛ ዓይን ትምባሆ የእስላሙና የአሕዛቡ ምልክት ሆኖ ስለቆየ ማጨስ ከጤናና ከገንዘብ ይልቅ የሃይማኖት ጉዳይ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ክልከላው ላላ፤ ነውርነቱ ግን በደገኛው ቤት ውስጥ ሳይለቅ ቆየ። ዛሬም ቢሆን አባቱ ፊት ሲጋራ የሚለኩስ የሐዋሳ ወጣት ብዙ አይደለም።

የምኒልክ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወደ ሲዳማ፣ ወደ ወላይታና ወደ ጋሞ ሲዘልቅ ሁለት ዓለሞች ተገናኙ። በአንድ በኩል ትምባሆን ከኃጢአት የሚቆጥር ደገኛ፤ በሌላ በኩል ትምባሆን እንደ ቡናው በእንግዳ ፊት የሚያቀርብ አገር።

ጋያን በቅርብ ያላየ አንባቢ ይኖራልና በእጄ ይዤ ያገላበጥኩትን አንዱን ልግለጸው። ሆዱ ቅል ነው፤ የሰው እጅ ከመነካካት ብዛት አጥቁሮት፣ ቅባት የተቀባ ቆዳ አስመስሎታል። በቅሉ ትከሻ ላይ በተበሳው ቀዳዳ የክንድ ግማሽ የሚሆን የቀርከሃ አገዳ ገብቷል፤ ጫፉም ውስጥ ካለው ውሃ ይደርሳል። አየር እንዳያስገባ መገጣጠሚያው ዙሪያውን በሰም ተደፍኗል። በአገዳው ራስ ላይ የሸክላው ራስ ተቀምጧል፤ አፉ ሰፋ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ አንገቱ ላይ ጥፍር የሚያህሉ ጭረቶች በመደዳ የተጫሩበት። እነዚያን ጭረቶች ማንም ለጥቅም አላደረጋቸውም፤ ያበጀችው ሴት ስለወደደቻቸው ብቻ ያሉ ናቸው። ትምባሆው በሸክላው ውስጥ ይደረጋል፤ ፍም በላዩ ይቀመጣል፤ የቅሉን አንገት ይዞ ማግ ሲያደርጉት ጭሱ በአገዳው ወርዶ ውሃውን እያንቦጫቦጨ ይወጣል።

የጋያው ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ አባት ነበሩ። «አባባ፣ ውሃው ለምን አስፈለገ?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ያለ ውሃ ጭሱ ጉሮሮ ይልጣል። ውሃው ያበርደዋል። ደግሞ ድምፁ አለ፤ ሰው ሲሰማው ባለቤቱ ቤት መኖሩን ያውቃል፤ ቡናውም እንደደረሰ ያውቃል» አሉኝ። ጋያ ለብቻ የሚሳብ ዕቃ አልነበረም። አንዱ ሁለት ሦስቴ ስቦ ለጎኑ ያሳልፋል፤ ሽምግልና ሲቀመጡ፣ ከብት ሲመለስ፣ ለቅሶ ሲደርሱ እጅ ለእጅ ይዞራል። በደቡቡም በቤንሻንጉል ጉሙዝም ያረጁ እናቶች ይስቡታል። ከዶርዜ የቀርከሃ ቤቶች እስከ ጅማ፣ ከአርሲ እስከ ጉራጌ፣ ቅርጹ ይለያይ እንጂ ቅል፣ አገዳና ሸክላ ያልተለዩት ዕቃ ነው። ጋምቤላ ስንደርስ ውሃው ይቀርና በአኙዋክና በኑዌር እናቶች እጅ ረጅም አገዳ ያለው ፒፓ እናያለን፤ የሸክላ ራሱ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም።

አሁን ስለ ሠሪዎቹ። በሲዳማ ሸክላ የሚሠሩት ሃዲቾዎች ናቸው፤ እንደ አንጥረኞቹና እንደ ቆዳ ፋቂዎቹ ሁሉ ለረጅም ዘመን ከሌላው ማኅበረሰብ ጋር በጋብቻ አይቀላቀሉም ነበር። የሽማግሌው ጋያ ራስ ለከንፈር ቅርብ ሆኖ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ያንን ራስ የጠፈጠፈች ሴት ግን በዚያው ሽማግሌ ቤት ምራት ልትሆን አትችልም ነበር። ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ያስቆጣኛል። በሥራዋ ጭስ ስቦ፣ በሥራዋ እንግዳ አስተናግዶ፣ እሷን ከደጅ ማቆም። በኦሞ በኩል በአሪዎች ዘንድም ሸክላ ሠሪዎቹ፣ ማና የሚባሉት፣ ተመሳሳይ ዕጣ ነበራቸው። ስለ ኢትዮጵያ ፒፓ ሲጻፍ ከነገሥታቱ አዋጅ በፊት መጻፍ የነበረበት ይህ ነው።

ቅጠሉም የራሱ ጥበብ አለው። በአገራችን ሁለቱም የትምባሆ ዘሮች ይታወቃሉ፤ ሰፊ ቅጠሉና ለፋብሪካ የሚሆነው፣ እንዲሁም አጭሩና ኃይለኛው። የጓሮ ባለቤት የትኛው ቅጠል መቼ እንደሚቀጠፍ ያውቃል። ከሥሩ አጠገብ ያለው ቅጠል ለስላሳ ነው፤ ወደ ጫፉ በተወጣ ቁጥር ብርታቱ ይጨምራል፤ ኒኮቲን የሚበዛው በላይኛው ቅጠል ውስጥ ነውና። በዓለም ላይ ያሉ የትምባሆ ቀማሚዎች ቅጠልን በግንዱ ላይ ባለው ቦታ ለይተው የሚገዙት በዚሁ ምክንያት ነው። በደቡብ ገበያዎች ትምባሆ ከሁለት በአንዱ መልክ ይሸጣል፤ በደረቀ ቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ ወይም በሙቀጫ ተወቅጦ፣ እንደ ድፎ ቂጣ ተጠፍጥፎና በፀሐይ ደርቆ። ገዥዋ ትቆነጥራለች፣ ታሸታለች፣ በጣቷ መካከል ትፈትጋለች። ቅልቅሉን የሚወስነው አፍንጫ ነው፤ የቆላውን ከደጋው፣ የአምናውን ከዘንድሮው እያደባለቁ የየቤቱን ጣዕም ያወጣሉ።

ጋያን ከሲዳማ ቤት ቀስ በቀስ ያስወጣው የንጉሥ አዋጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው የሚሲዮናውያን ቡድን ወደ ወላይታና ሲዳማ መጣ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን በይርጋለም ሥራ ጀመረ። ወንጌላዊው እምነት ሲስፋፋ አልኮልና ትምባሆ መተው የአማኝነት መታወቂያ ሆነ። ዛሬ ታቦር አካባቢ እሑድ ጠዋት የሚሰማው የመዘምራን ድምፅ ብዛት ይህ እምነት ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ይናገራል። ጥቂት እግር ትምባሆ የነበረበት የጓሮ ጥግ ለጎመንና ለቡና ተለቀቀ። ዮሐንስ በመቁረጫ ያልቻሉትን ስብከት በአንድ ትውልድ ፈጸመው። ለብዙ ቤተሰብ ይህ ጤናም ገንዘብም ያተረፈ ለውጥ ነው፤ ከጋያው ጋር አብሮ እየተረሳ ያለው የሸክላ ጥበብ ግን ማንም ሳይመዘግበው እየሄደ ነው።

ሲጋራ በሌላ በር ነው የገባው። እ.ኤ.አ. በ1942፣ አገሪቱ ነፃነቷን ባስመለሰች ማግስት፣ የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቋመ። ቅጠል መግዛትም፣ ሲጋራ መሥራትም፣ መሸጥም በመንግሥት እጅ ሆነ፤ ትምባሆ ሞኖፖል የሚለው ስም እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ የሰፈር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ሞኖፖሉ ቅጠሉን በሸዋ ሮቢት፣ በኑራ ኤራ፣ በብላቴና በሐዋሳ እርሻዎች አለማ። ከሽማግሌው ጓሮ ጥቂት እግር አጠገብ ሲታይ ይህ ሌላ ዓለም ነው፤ ቦይ፣ ትራክተር፣ የቀን ሠራተኛ፣ የማድረቂያ ቤት። ኒያላና ግስላ ከዚህ ወጡ። ኋላም እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ጄቲ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 70.95 በመቶ አደረሰ።

የሚያሳዝነኝ፣ የብላቴ ቅጠል ዘሩ በዓለም ካሉ የፒፓ ትምባሆዎች የብዙዎቹ መሠረት የሆነው ቨርጂኒያ ሳለ፣ ሁሉም ተከትፎ በወረቀት መጠቅለሉ ነው። ቨርጂኒያ እሳቱና ጭሱ ሳይነካው በቧንቧ በሚገባ ሙቀት በዝግ ቤት ውስጥ ይደርቃል። መጀመሪያ በለዘብተኛ ሙቀት ቢጫ እስኪሆን ይጠበቃል፤ በዚያ ጊዜ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል። ከዚያ ሙቀቱ ከፍ ይልና ቀለሙን እንደያዘ ይደርቃል። ስኳሩ ነው ጣፋጭ የሚያደርገው። ችኩል አጫሽ ሲያገኘው ግን ይግላል፤ ምላስ ይቆነጥጣል። ቀስ ብሎ ለሚስበው የደረቀ ሣርና የማር ዓይነት መዓዛ ይሰጣል፤ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው፣ በተለይ በክብደት ተጨምቆ እንደ ቋንጣ በስሱ የተቆረጠውን። ዘንጠል አድርጌ በመዳፌ እፈትገውና ፒፓውን በሦስት ዙር እሞላለሁ፤ ታችኛውን ላላ፣ መካከለኛውን ጠበቅ፣ የላይኛውን ይበልጥ ጠበቅ አድርጌ። በመጀመሪያው ክብሪት ቅጠሉ ያብጣል፤ ይረገጣል፤ ዳግመኛ ይለኮሳል። ጥሩ የተሞላ ፒፓ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል።

ሌሎቹን ቅጠሎች በየተራ ላንሳ። በርሌይ በጥላ ሥር፣ በአየር ብቻ፣ ሳምንታት ፈጅቶ ይደርቃል፤ ነጩ በርሌይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1864 በኦሃዮ ነው። ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህም የተጨመረበትን ሽቶና ማጣፈጫ ሁሉ እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ቫኒላና ቼሪ የሚሸቱት ትምባሆዎች ብዙዎቹ በእሱ ላይ የቆሙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ክፍሉን እንጂ አጫሹን አያስደስቱም የሚለው አስተያየት የኔም ነው። የቱርክና የግሪክ ምሥራቃዊ ቅጠል ትንሽ፣ በፀሐይ የደረቀ፣ ቅመማ ቅመም የሚሸት ነው። ላታኪያ ስሙን ያገኘው ከሶርያ ወደብ ሲሆን፣ ምሥራቃዊውን ቅጠል በጥድና በመሰል እንጨቶች ጭስ ላይ ሰቅሎ በማጠን ይዘጋጃል፤ አሁን በዋናነት የቆጵሮስ ምርት ነው። ቨርጂኒያ፣ ምሥራቃዊና ላታኪያ ሲቀላቀሉ የእንግሊዝ ቅልቅል የሚባለው ይወጣል።

ፔሪክ ግን ለብቻው ይቆማል። በሉዊዚያና በሴንት ጄምስ ወረዳ ብቻ በጥቂት ገበሬዎች የሚዘጋጅ ነው። ቅጠሉ ጅማቱ ወጥቶ፣ ተጠቅልሎ፣ በበርሜል ተጠቅጥቆ፣ በላዩ ብርቱ ክብደት ይጫንበታል። በራሱ ጭማቂ ውስጥ ይቦካል፤ በየጊዜው ተከፍቶ አየር ይወስድና ተገልብጦ ተመልሶ ይጫናል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ። ለሲዳማ እናት ይህን ብነግራት ስለ ቆጮ መቅበር የማወራ ይመስላት ነበር፤ ሥራው ከጉድጓዱ እየወጣ፣ እየተገላበጠ፣ ተመልሶ የሚጫን ቆጮ ነውና። ጥቁር ሆኖ፣ ኮምጠጥ ያለ የበሰለ ፍሬ መዓዛ ይዞ ይወጣል። ቨርጂኒያ ላይ ጥቂት ጣል ሲደረግ የምላሱን መቆንጠጥ ያበርዳል።

ይህ ሁሉ ደስታ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ፒፓ አጫሽ ጭሱን ወደ ሳንባው ባይጎትተው እንኳ የአፍ፣ የምላስና የጉሮሮ ካንሰር ያሰጋዋል። የጋያ ውሃም ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጣራም። ትምባሆ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2014 አጸደቀች። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት 15 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ነበሩ፤ ከወንዶቹ 8.1፣ ከሴቶቹ 1.8 በመቶ። ብዙ አገር ይህን ዝቅተኛ ቁጥር ይመኘዋል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በሕዝብ መገልገያ ቦታ ማጨስን ከለከለ፤ ለሽያጭ የዕድሜ ገደቡን 21 አደረገ፤ በፓኬቱ ላይ 70 በመቶ የሚሸፍን ማስጠንቀቂያ አዘዘ፤ በነጠላ ሲጋራ መሸጥን፣ ሺሻንና ማጣፈጫ የተጨመረበትን ትምባሆ አገደ። የቫኒላና የቼሪ ፒፓ ትምባሆም በዚህ እገዳ ውስጥ ወድቋል። ሕጉን እደግፈዋለሁ። ልጅን የሚያለምደው ጣፋጩ ነውና፤ ንጹሕ ቅጠል የሚወድ ሰው ደግሞ በቫኒላው ማጣት ምንም አይጎድልበትም። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ልማዱ ሲቀር ዕቃውና የሠሪዋ ጥበብ አብረው እንዳይቀሩ።

ወደ አስታ ልመለስ። የዓለም ምርጥ ፒፓ የሚሠራው ኤሪካ አርቦሪያ ከሚባል ቁጥቋጦ ሥር ነው። ከግንዱና ከሥሩ መገናኛ ላይ፣ መሬት ውስጥ፣ እንደ ዕጢ የሚያብጥ ጉጥ አለው። ጉጡ ጥቅጥቅ ያለ፣ ውሃ የሚይዝ፣ እሳት በቀላሉ የማይበላው ነው። በካላብሪያ፣ በቶስካና፣ በኮርሲካና በግሪክ ያሉ ቆራጮች አሥርተ ዓመታት ያስቆጠረውን ጉጥ ቆፍረው ያወጡታል፤ እንዳይደርቅ እርጥብ አድርገው ያቆዩታል፤ ይቆርጡታል፤ ጭማቂው እስኪወጣ ለሰዓታት ይቀቅሉታል፤ ከዚያ ለወራት፣ ምርጡን ለዓመታት፣ በጥላ ያደርቁታል። ከ1850ዎቹ ጀምሮ የፈረንሳይዋ ሴን ክሎድ ከተማ በዚህ እንጨት ስሟ ገነነ። ከዚያ በፊት አውሮፓ የሚያጨሰው በአብዛኛው በሚሰበር ሸክላና ከቱርክ ኤስኪሼሂር በሚመጣ ነጭ ማዕድን ነበር።

ይህ ተክል የእኛው አስታ ነው፤ አንዳንድ አገር ውጨና ይሉታል። በሰሜን ተራሮች፣ በጮቄና በባሌ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ከፍታ ጫካ ሆኖ ይበቅላል፤ በባሌ ከሐረና ደን በላይ ሽበት ተንጠልጥሎበት ዛፍ ሆኖ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የዘረ መል ጥናት እንደሚያሳየው ተክሉ የተነሳው ከምሥራቅ አፍሪካ ነው፤ በበረዶ ዘመናት መካከል ወደ ሰሜን ምዕራብ እየገፋ ሜዲትራኒያን ደረሰ። በእኔ ኪስ ውስጥ ያለው፣ ጎበጥ ያለው የጣሊያን ፒፓ፣ ዘሩ ከዚህ ተራራ የወረደ ነው። ሁለት ፒፓ የማፈራርቀውም በዚሁ እንጨት ጠባይ የተነሳ ነው። ከአንድ ማጨስ በኋላ እርጥበቱን ስለሚይዝ ቀን ያህል አርፎ መድረቅ አለበት፤ በየጊዜው የሚቀረው ስስ የከሰል ሽፋንም የውስጡን ግድግዳ ከእሳት ይጠብቃል። ባሌ ላይ አስታ ማገዶና አጥር ነው፤ እረኛው ለግጦሽ ሲል ያቃጥለዋል፤ ያው ጉጥ ግን ከእሳቱ በኋላ ዳግም ቡቃያ ያወጣል። ለፒፓ ሠሪ ውድ ያደረገው ጠባይ ለራሱ ሕይወት መዳኛው ነው።

ኢትዮጵያዊ የአስታ ፒፓ ይሠራ ብሎ መመኘት ቀላል ነው፤ እኔም ለተወሰነ ጊዜ ተመኝቼ ነበር። ነገር ግን ጉጡን ማውጣት ተክሉን መግደል ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የውሃ ምንጭነቱም ከኢትዮጵያ አልፎ ሶማሊያ ይደርሳል። ያ ጉጥ መሬቱን ይዞ ይቆይ።

ቅል ግን በአንድ ክረምት ይደርሳል። ከእንግሊዝና ቦር ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1899–1902) የተመለሱ ወታደሮች ከደቡብ አፍሪካ ወደ ለንደን ያመጡት ካላባሽ የሚባለው ፒፓ፣ እነሆ እስከ ዛሬ ከውድ ፒፓዎች አንዱ የሆነው፣ ከዚሁ ጋያ ከሚሠራበት የቅል ዘር የተሠራ ነው። ገበሬው ቅሉ ገና ለጋ ሳለ አንገቱን ከሥሩ እንጨት እያስደገፈ በቀስታ ያጎብጠዋል፤ ሲደርቅ ተቆርጦ አፉ ላይ እሳት የሚችል ራስ ይገጠምለታል። ራሱ ከነጩ ማዕድን ነው፤ ከጭሱ ጋር የሚገናኘው ባዶው የቅል ሆድ ደግሞ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፤ በጋያ ውስጥ ውሃው የሚሠራውን ሥራ በአየር ይሠራዋል። እሳት የሚችል የሸክላ ራስ ማበጀት የሃዲቾ እናቶች ከየትኛውም ፋብሪካ በፊት የሚያውቁት ነው፤ ሐዋሳ ዙሪያ ባሉ ገበያዎች ጀበናና ድስት ይዘው ከሚቀመጡት ሸክላ ሠሪዎች መካከል ያረጁት፣ ቢጠየቁ፣ የጋያ ራስ መጠኑን በጣታቸው ለክተው ያሳያሉ።